የልክ ቀሚስ

በነገሌ የሴት ልብስ የሚሰፉት ወንዶች ነበሩ። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የእግር መኪናቸውን ደርድረው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ያ ሜትር የሴት ወገብ ነክቶ አያውቅም፤ ነውር ነው። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ቀሚስ ልታሰፋ ስትሄድ አዲሱን ጨርቅ ከአንድ አሮጌ ቀሚሷ ጋር ጠቅልላ ትወስዳለች። አሮጌው ቀሚስ «ልክ» ይባላል። ሰፊው ልኩን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል፣ ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። ባለቤቲቱን ቀና ብሎም አያያት። እናቴ ይህንን ጨዋነት ትለው ነበር፤ እኔም አምኜ አደግኩ።

ችግሩ ልኩን የምትመርጠው ራሷ ሴቲቱ መሆኗ ነው። ሴት ልክ አምጪ ስትባል ከሳጥኗ የምታወጣው ደስ የሚላትን ዘመን ነው። አንዷ የሙሽርነቷን ታወጣለች፤ ሌላዋ ሦስተኛ ልጇን ሳትወልድ የለበሰችውን። ሰፊው በተሰጠው ልክ አሳምሮ ይሰፋል። ከዚያ በበዓል ዋዜማ የግማሹ ከተማ ሴት ዚፕ አልዘጋ ብሏት በረንዳው ላይ ትጮሃለች። «በሰጠሽኝ ልክ ነው የሰፋሁት እኮ!» ይላል ሰፊው። እውነቱን ነው፤ ምን ይበል? በዓሉ ያልፋል፣ በሚቀጥለውም ያንኑ ልክ ይዘን እንሄዳለን።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ነኝ። «ሞላ ያለች»፣ «ደልደል ያለች» እያሉ የሚያለሰልሱልኝን አልወድም፤ ወፍራም ነኝ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እኔ ግን እዚሁ ነገሌ ተወልጄ አደግኩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ገና ተማሪ ነበርኩ። ለአንዱ ገላዬ ሁለት ዓይነት ዳኞች ነበሩኝ። ከገጠር ወተት በጮጮ ይዘው የሚመጡት የቦረና እናቶች ሲያዩኝ ክንዴን ይዘው ይዳብሱኛል። «ናጋ? ፋያ? ባሬዱ!» ይሉኛል፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ቆንጆ፣ ማለታቸው ነው። ለእነሱ የሞላ ክንድ ዝናቡ ጥሏል፣ ላሟም ታልባለች ማለት ነው። ሰፈር ስመለስ ደግሞ የእናቴ ወዳጆች ሰሃኔን አይተው «አንቺ ልጅ፣ ኧረ ቀንሺ» ይላሉ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የምትመጣ አንዲት ዘመድ ነበረችን፤ ሳትስመኝ በፊት ገና ከበሩ «ውይ፣ ጨመርሽ!» ትለኛለች። የወተት እናቶቹን ባምን ኖሮ ስንት ዘመን ባተረፍኩ። ግን ምን ይደረግ፣ ከተሜ ነኝ ባይ ከተሜን ነው የሚያምነው።

ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ከሞያሌ በኩል ይገባል። ነጋዴው ሸሚዙን በሁለት እጁ ወጥሮ «ይለጠጣል! ይለጠጣል!» እያለ ይምልልሻል። አንዴ አምኜው ገዛሁ። ሸሚዙስ ተለጠጠ፣ ቁልፎቹ ግን አልታገሱም፤ አንዱ ቢሮ ውስጥ ተፈናጥሮ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አለቃዬ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አንስተው ሳይስቁ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ወደ በረንዳው ሰፊዎች ተመለስኩ።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጥኜ አውቃለሁ። ማዘጋጃ ቤት በተቀጠርኩ በዓመቱ አክስቴ ቆላው ተልተሌ ውስጥ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ትንኙ የበዛበት ወቅት ነበር። ገንፎዬን በልቼ የምመለስ መስሎኝ ወባ ይዤ ተመለስኩ። ተሻለኝ ስል እያገረሸብኝ ስወድቅ ስነሳ ከረምኩ። ከአልጋ ስወርድ ጉንጬ ሟሙቷል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያ ይወጣል፣ ከቤት ቢሮ ስሄድ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ሰፈሩ ግን እልል አለ። «አማረብሽ!» «ምን ተጠቅመሽ ነው?» «አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» ያቺ የአዲስ አበባዋ ዘመዳችን አቅፋ ደጋግማ ሳመችኝ። እንደዚያ ሰሞን ተሞግሼ አላውቅም። ያን ጊዜ እጮኛዬ የነበረው ባለቤቴ፣ ነገሌና ክብረ መንግሥት የሚመላለስ ሹፌር፣ እሱ ብቻ «ምነው ከሳሽ?» ብሎ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። እኔ ግን ሙገሳው አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር በብርቱካኑ ተቀየምኩ። ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቼ ጠበብ ያለች ቀሚስ አሰፋሁ።

ጤናዬ ሲመለስ ገላዬም ተመለሰ። ሰማያዊዋ ቀሚስ ግን ልክ ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያሰፋሁት ሁሉ በእሷ የተቆረጠ ነው። አዲሱ ቀሚስ ሲያልቅ ቤቴ እወስደዋለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፣ የጎኑን ስፌት በምላጭ ፈትቼ ሰፊው ወደ ውስጥ ያስቀረውን ትርፍ ጨርቅ ለቅቄ በእጄ መልሼ እሰፋዋለሁ። የቀድሞው ስፌት ቀዳዳ በሁለቱም ጎኔ ተሰልፎ ይታያል። እሱን ለመሸፈን ነጠላ እደርባለሁ፤ በነገሌ ሐሩር፣ ውሻ እንኳ ጥላ ለቆ በማይወጣበት ቀትር፣ እኔ ተከናንቤ እሄዳለሁ። ብብቱ ስለሚተረተር እጄን ከትከሻዬ በላይ አላነሳም። ሰርግ ቤት ሁሉም ሲጨፍር እኔ ግድግዳ ተደግፌ ከደረቴ በታች አጨበጭባለሁ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያለ ፋይል ሲያስፈልገኝ እንኳ ሰው እጠራለሁ። ይህ ሁሉ ችግር አይመስለኝም ነበር። ሰው የለመደውን ችግር ችግር አይለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተልተሌ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣችና ከበረንዳው ማዶ ሱቅ ከፈተች። ሴት ናት፤ ይኼ ራሱ ወሬ ሆነ። ደግሞ ከእኔ ትወፍራለች። ሱቋ በር ላይ እንደ ሌሎቹ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት አላቆመችም። ራሷ የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ገልጣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ልክ ይዛ የመጣችን ሴት ከነልኳ ትመልሳታለች። «እኔ ልብስ አልለካም፣ ሰው ነው ምለካ» ትላለች። ያለቀለትን ልብስ ደግሞ ጠቅልላ አትሰጥም። እዚያው ታስለብስሽና «ዞር ብለሽ ነይ» ትልሻለች፤ ገበያውን አቋርጠሽ እስከ ወተት ተራ ደርሰሽ መመለስ አለብሽ። ማስታወቂያዋ ይኼ ነበር።

መጀመሪያ ተሳቀ። ወፍራም ሴት በደማቅ ቀሚስ ገበያ መሐል ስታልፍ ከሻይ ቤት የማይወረወር ቃል የለም። እሷም በሯ ላይ ቆማ ትመልሳለች፣ አፏ እንደ መቀሷ ነው። ቀስ በቀስ ሴቶቹ በዙ። አንዷ ስትዞር ሌላዋ ታጅባታለች፣ እልል የምትልም አትጠፋም። አንዲት ልጅ በስልኳ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ስትለቅ ደግሞ ከወደራና ከክብረ መንግሥት ሳይቀር ጨርቅ ይዘው ይመጡ ጀመር። እኔ ከቢሮ ስወጣ በዚያ በኩል ነው መንገዴ። ሱቋ ጋ ስደርስ ወደ ማዶ እሻገርና ስልኬን የማይ መስዬ አልፋለሁ። ለምን እንደምሻገር ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ልጄ እኔን ናት። እናቲቱን አይተህ ልጂቱን አግባ ይባል የለ፣ በትከሻም በወገብም እኔው ነኝ። አንድ ከእኔ ያልወሰደችው ነገር ድምፅ ነው፤ ስትናገር ግቢ ሙሉ ሰው ይሰማታል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ስለዚህ በትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቷ ለወላጆች ቀን መድረክ መሪ አድርገው መረጧት። የመረጧት ቀን እየዘለለች ነው ቤት የገባችው። አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁላትና «ሂጂ አሰፊ» አልኳት፤ የት እንደምታሰፋ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ከቢሮ ስመለስ እንደ ልማዴ ልሻገር ስል ሰፊዋ ከማዶ ጮኸች።

«አንቺ የማዘጋጃ ቤቷ! አካም? ኮቱ እስኪ፣ ነይ!»

መንገደኛው ሁሉ ስለዞረ ሄድኩ። ከጠረጴዛዋ ሥር ሰማያዊዋን ቀሚሴን አውጥታ ፊቴ ዘረጋቻት።

«ልጅሽ ትናንት ጨርቅ ይዛ መጣች» አለች። «ቁሚ ልለካሽ ስላት እምቢ። በዚች ስፊልኝ አለች። ይቺማ ያንቺን ግማሽ አታለብስም ብዬ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ‹እማዬም ሁልጊዜ በዚች ነው የምታሰፋው› አለችኝ። ጨርቁንም ቀሚሱንም ጥላ ወጣች።»

ከሳጥኔ ያወጣቻት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

«እስኪ ንገሪኝ፣ ይቺን ስታሰፊ ምን ሆነሽ ነበር?»

«ወባ ታምሜ ነበር። ተልተሌ ሄጄ።»

«ያ ዋቃ! ከኛ አገር ነዋ!» ብላ ጭኗን መታች። ሳቋን ስትጨርስ ቀሚሷን በጣቷ አንስታ አየቻት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ወባሽን ነዋ ስታለብሺ የኖርሽው!»

ቀሚሷን ብብቴ ውስጥ ወትፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጄ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ሰኞ ለመምህሩ ሌላ ሰው ፈልጉ እለዋለሁ» አለችኝ ሳትዞር። «መድረክ ላይ ቆሜ ሰው እንዲስቅብኝ አልፈልግም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው በልጅቷ ላይ ጮህኩ። ሳጥኔን ለምን ከፈትሽ አልኳት፣ ያላስተማርኩሽን ፍርሃት ከየት አመጣሽው አልኳት፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መኖር ሞኝነት ነው ብዬ ሰበክኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንቺ መቼ ወጥተሽ ታውቂያለሽ እማዬ? ሰርግ ቤት እንኳ ግድግዳ ነው የምትደገፊው።»

ያ ምሽት በጣም ከበደኝ። ሰዎች ስለ ገላዬ ያሉኝ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል አላመመኝም፤ ልጄ ከእኔ ያየችውን ይዛ ከመድረክ ልትወርድ ነው። ድምፅዋ እዚያ ግድግዳ ሥር አብሮኝ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት «ነይ፣ ጨርቅሽን እናምጣው» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ሰፊዋ ሱቅ ስንደርስ ልጄ ደፉ ላይ ቀረች። እኔ ገባሁና ነጠላዬን አወለቅኩ።

«ለኪኝ» አልኳት።

ሰፊዋ ሜትሯን አነሳች። ሁለት ሜትር ጫፍ ለጫፍ አጋጥማ የሰፋችው ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲቀር «እዚህ ቤት ሜትር አጠረ አይባልም» አለችና በወገቤ አዞረችው። እጅሽን አንሺ አለችኝ። ለካ የለበስኩት ቀሚስ አያስነሳም፤ ሳነሳ ብብቴ ተረተር አለ። ሁለታችንም ሰማነው። «ተይው፣ ይቀደድ» አለች። ከዚያ የወገቤን ቁጥር የበቆሎ ዋጋ እንደምትጠራ ሁሉ ጮክ ብላ ጠራችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው የማላውቀው፣ ራሴም የማላውቀው ቁጥር ነው። ገልጬ ሳይ በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ሽንኩርቷን እየደረደረች ነው። አህዮች ያልፋሉ። ማንም ዞሮ አላየኝም። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እፎይ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ ልል ምንም አልቀረኝም።

ከራሷ መደርደሪያ ብርቱካንማ ጨርቅ መረጠችልኝ። እኔ ጥቁር ቡናማ ልል ነበር፣ አፌን በእጇ ከደነችው። ከሰዓት ገበያው ሳይበተን ቀሚሱ አለቀ። ለበስኩት። የትም አልያዘኝም። እጄን ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ቀጥሎም ወደ ላይ አነሳሁ፤ የሚተረተር ነገር የለም። በጉልበቴ በኩል ነፋስ ገብቶ በአንገቴ ሲወጣ ይሰማኛል። ነጠላዬን ላነሳ ስዞር ሰፊዋ ተቀምጣበታለች።

«ዞር ብለሽ ነይ» አለችኝ።

ወጣሁ። ልጄ ግን ከአጠገቤ የለችም፤ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ሆና ስልኳን እያየች በእኔው ልክ ትራመዳለች። ያንን አካሄድ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው። ሻይ ቤቱ ጋ ስደርስ ከተቀመጡት አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ ተሳቢ መጣ!» አለ።

ቆምኩ። ድሮ ቢሆን መሬት ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። ነገር ግን የሹፌር ሚስት ነኝ።

«ተሳቢ መሆኔን ካወቅክ ዞር በል፣ ፍሬን የለኝም!» አልኩት።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የተናገረው ልጅ ራሱ ወንበሩን አንስቶ መንገድ እንደመልቀቅ አለልኝ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ አንዱን ለየሁት፤ ከማዶ ነው፣ ግቢ ሙሉ ሰው የሚሰማው። ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እየሳቀች መንገዱን ተሻገረችና ክንዴን ያዘች።

ወተት ተራ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ከጮጯቸው ኋላ ተነሱ። «እማማ፣ ናጋ? ደህና ኖት?» አልኳቸው። ክንዴን ዳበሱ፣ ከዚያ የልጄን ዳበሱ፣ እንደገና የእኔን። «ባሬዱ» አሉ፣ «ባሬዱ፣ ሁለታችሁም። ዝናቡ ደህና ነው ማለት ነው።» ልጅ ሆኜ የሰማሁት ቃል ነው። ያን ቀን ግን ክንዴን አልሰበሰብኩም፤ ልጄም አልሰበሰበችም። የሁለታችንም ክንድ በእጃቸው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየን።

ሱቁ ስንመለስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ልጄ አልፋት ገባች፣ መሐል ላይ ቆመችና ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን አነሳች።

ሰኞ ለመምህሩ ሌላ ሰው ፈልጉ የሚለው ነገር ተረሳ። ሰማያዊዋ ቀሚስም ወደ ሳጥኔ አልተመለሰችም፤ ለሰፊዋ ወስጄ ሰጠኋትና የስፌት መኪናዋን ዘይት ትወለውልባታለች፣ በየሳምንቱ ስሄድ «ወባሽ እዚህ ናት» እያለች ታሳየኛለች። እኔ አሁን ካሰፋሁ መዞር አይቀርልኝም። አንዳንዴ ሳላሰፋም እዞራለሁ። ከቢሮ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ወስጃለሁ፣ አንዷ ገና በር ላይ ናት፣ ትገባለች። ባለቤቴ ደግሞ የተሳቢውን ወሬ ሰምቶ ከክብረ መንግሥት ሲደውል «መንገድ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የወላጆች ቀን ልጄ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ መድረኩ ላይ ወጣች። ግቢው ይንጫጫል፣ ማይኩ ይጮሃል። ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች፣ ሰዉም ፀጥ አለላት። ጎኗ ላይ የተፈታ ስፌት ቀዳዳ የለም። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ቀጠለች፤ ያለቀስኩት ያኔ ነው፣ አልደብቅም።

ሲያልቅ ከክፍሏ ልጆች አንዷ፣ ሙቀቱ ውስጥ ሹራብ ደርባ የዋለች ሞላ ያለች ልጅ፣ ጥግ ላይ ይዛ አነጋገረቻት። እኔ ከኋላቸው ወንበር ላይ ነበርኩ።

«የት ነው ያሰፋሽው? እኔም ልሄድ ነበር… ግን ደህና ልክ የለኝም» አለቻት።

«ልክ አያስፈልግም» አለች ልጄ። «ራስሽን ይዘሽ ነይ።»

ሁለት እጄን ከጭንቅላቴ በላይ አንስቼ አጨበጨብኩ።